የደምሴ መሐረብ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ጉንፋን ይዞት እኔ ጋ ዋለ። እናቱ ወደ ሥራ ስትሄድ አንድ ጥቅል ሶፍት ትታልኝ ነበር። እኔ ሶፍት ለልጅ አፍንጫ አልወድም፤ ይሻክራል፣ ደግሞም ግቢውን በብጥስጣሽ ይሞላዋል። ከቁም ሣጥኔ ነጭ መሐረብ አወጣሁና ሰጠሁት። አመሻሹ ላይ ልጄ ልትወስደው ስትመጣ፣ መሐረቡን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አንስቼ በሁለት ጣቶቼ መሃል እያሸሁ አገኘችኝ። ደርቆ ግትር ብሏል።

“እማ፣ ደሞ ጀመርሽ! ንፍጥ እኮ ነው የምታሺው!” አለችና ሳቀች።

“ንፍጥ መሆኑን እያረጋገጥኩ ነዋ!” አልኳት።

እንደ እርጅና ቆጥራዋለች፤ ይሁን። እሷንም በልጅነቷ እንዲሁ አድርጌያታለሁ፤ ወንድሟንም። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ በቤቴ ውስጥ የደረቀ መሐረብ ሳላሸው አልፌ አላውቅም። ምክንያቱን ለልጆቼ በወጉ አልነገርኳቸውም፤ ልጀምረውና መሃል ላይ እተወዋለሁ። ዛሬ ልጨርሰው።

እኛ የጉለሌ ልጆች ነን። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክፍልና አንድ ማጀት ያለው የጭቃ ቤት ነበር። ክፍሉን ከነሙሉ ክብሩ የያዘው የአባቴ የሸማ መሥሪያ ዕቃ ነው፤ እኛ በተረፈው ነበር የምንኖረው። አባባ በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነው፤ ቁጡ፣ ጥንቁቅ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው። እማዬ ፈታይ ናት። ልጆቻቸው ሁለት ነን፤ ወንድሜ ደምሴና እኔ። ደምሴ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ከአባባ ጎን ሸማ ሥራ ተቀምጧል። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ማትሪክ አልፋለሁ ብዬ ደረቴን የምነፋበት ጊዜ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ነገር መጥቶ፣ ወጣት ያለው ቤት ሁሉ የቀበሌ መልእክተኛ በር ሲመታ ልቡ የሚወርድበት።

ነገሩ የጀመረው ከጣሪያ ነው። ግንቦት ሊያልቅ ነው፣ ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ቆርቆሯችን ደግሞ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ልክ ከሸማ ዕቃው በላይ ያፈሳል። ደምሴ ሬንጅና መዶሻ ይዞ ወጣ። እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ እያለሁ እሱ በሌላ በኩል ተንሸራተተ፤ ግንባሩ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ግንባሩን ሰፍተው፣ ከአፍንጫው የሚወርደውን ደም አቁመው ላኩት። በማግስቱ የሁለቱም ዓይኖቹ ዙሪያ ጠቆረ፤ መነጽር ያደረገ መሰለ። የሰፈር ጎረምሶች “ጓድ ሊቀመንበር” እያሉ ሲስቁበት እሱም አብሯቸው ሳቀ። ደምሴ እንዲህ ነው፤ በራሱ ላይ የሚቀልድ ሰው ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አፍንጫው ውሃ ማውረድ ጀመረ። በቀኙ በኩል ብቻ፤ ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ውሃ። ቀና ብሎ ሲቀመጥ ይተወዋል፤ ጎንበስ ሲል ጠብ ጠብ ይላል። “ጉንፋን ነው” አልን። ምን እንበል? በክረምት ጉለሌ ውስጥ ጉንፋን የሌለበት ማን አለ? የእንጦጦ ብርድ ከባሕር ዛፉ መሃል እየተንከባለለ ወርዶ በየቤታችን ነበር የሚገባው።

ለጉንፋን የምናውቀው ደግሞ ዳማከሴ ነው። የጓሯችን ጥግ ላይ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ቀንጥሼ፣ በመዳፌ አሽቼ፣ ደምሴን አንገቱን ቀና አስደርጌ ጭማቂውን አፍንጫው ውስጥ ጠብ አደርግለታለሁ። ዓይኑ እስኪቀላ ያስነጥሳል። እማዬ እንዝርቷን እያሾረች “እሰይ! ይውጣ! ይውጣልህ!” ትላለች። እኔም ሐኪም የሆንኩ መስሎኝ ኩራቴ አይጣል ነበር። ያንን ክረምት ሙሉ አንድ ቀን አላጎደልኩበትም። አሁን እጄን ሳየው አንዳንዴ የዚያ ቅጠል አረንጓዴ ያለበት ይመስለኛል።

የሸማኔ ሥራ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ እግር አስገብቶ፣ አንገት ደፍቶ ነው። ደምሴ መወርወሪያውን ሊወረውር ሲያጎነብስ ጠብታው ድሩ ላይ ያርፋል። አባባ አበደ።

“አንተ! የሰው ነጠላ ላይ ንፍጥህን ታወርዳለህ?”

“ምን ላድርግ አባባ፣ ሳላዘው እኮ ነው የሚመጣው።”

“አዘዋ! አፍንጫህ አይደለም እንዴ?”

ከዚያ ወዲያ ደምሴ ከሸማ ጫፍ የሚተርፈውን ቁራጭ እየሰበሰበ መሐረብ አደረገው። በቀን ስድስት ሰባት ያረጥባል፤ አጣቢዋ እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ነገር የሚመጣው። እነዚያን መሐረቦች አንዳንዴ ሳላጥባቸው ይውሉና ገመድ ላይ ይደርቃሉ። የጉንፋን መሐረብ ሲደርቅ ታውቁታላችሁ፤ ይገተራል፣ ከተጣጠፈበት አይላቀቅም። የደምሴ ግን አይገተርም ነበር። ውሃ ነክቶት እንደደረቀ አዲስ ሸማ ለስላሳ ነበር። አስተውዬዋለሁ፤ ገርሞኛልም። ለማን ይወራል? ስለ ሰው ንፍጥ ማን ቁጭ ብሎ ያወራል?

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ደምሴ ሽሮውን ሳይነካ ጋደም አለ። እንደ እሳት ይነዳል፤ ብርሃን አታሳዩኝ ይላል፤ አንገቱ እንደ ግንድ ደርቆ አይታጠፍም። በጋቢ ጠቅልለን በሰይቼንቶ ታክሲ ሆስፒታል አደረስነው። “ማጅራት ገትር” አሉን። ያንን ስም የሰማ ሰው ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም፤ እማዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ሳምንት በመርፌ ተወጋግቶ ተረፈ። ዓመት በዓሉን ያደረገው ከስቶ፣ ካፖርት ውስጥ ጠፍቶ ነው። ስለ አፍንጫው የጠየቀን የለም፤ እኛም አልተናገርንም። ሞት አፋፍ ደርሶ ለመጣ ልጅ የንፍጥ ስሞታ ማቅረብ ነውር መሰለን።

ጥቅምት ላይ ለውትድርና ስሙ ተጠራ። ጋሽ በየነ፣ አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን፣ የቀበሌው ጸሐፊ ነበር፤ መጥሪያውን ያመጣው እሱ ነው። ደምሴ ለጤና ምርመራ ሄደ፤ ተራው ደርሶ ፎርሙ ላይ ሊፈርም ጎንበስ ሲል ያ ውሃ ወረቀቱ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ። ቀለሙ ተዘባረቀ። መርማሪው የሆስፒታሉን ማስረጃ አየ፣ አፍንጫውን አየ፣ “ሂድ፣ ሂድ ከፊቴ! ሌላ ሰው እንዳታስይዝብኝ” ብሎ አባረረው።

ደምሴ እየሳቀ ቤት ገባ። “አስኩ፣ አፍንጫዬን ሳሚው! ነጻ አወጣኝ!” አለኝ። ጋሽ በየነም ከአጥሩ ማዶ ሰምቶ፣ “እንግዲህ ይቺን አፍንጫ ደህና አድርገህ ጠብቃት” አለ። ሁላችንም ሳቅን። እማዬማ አፍንጫውን የእውነት ሳመችው።

በታኅሣሥ ማጅራት ገትሩ ተመለሰ። አንገቱ እንደገና ደረቀ፤ እንደገና ሰይቼንቶ፣ እንደገና ያ አልጋ። ይህን ጊዜ ግን ያገኘነው ሌላ ሐኪም ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ገና ወጣት፣ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ የሚመስል ቀጭን ሰው። ሌላው ሐኪም ካርዱን አይቶ ነበር የሚያልፈው፤ ይሄኛው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“በአራት ወር ሁለት ጊዜ ማጅራት ገትር በዋዛ አይመጣም። ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል?”

ጣሪያውን ነገርነው።

“አፍንጫውስ? ውሃ ያወርዳል?”

“እሱማ ጉንፋን ነው” አለች እማዬ ቶሎ ብላ፣ ልጇ በሆነ ነገር የተከሰሰ መስሏት።

ዶክተሩ ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቀ። “መሐረቡን የሚያጥብለት ማነው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ። አፈርኩ።

“ሲደርቅ ይገተራል?”

አያችሁ፣ ያንን ነገር ከሰኔ ጀምሮ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። “አይገተርም ዶክተር” አልኩት። “ሲደርቅ እንደ አዲስ ሸማ ነው።” እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ ገና አላወቅሁም።

በቀላል አማርኛ አስረዳን። ከአፍንጫ በላይ፣ አንጎል የሚቀመጥበት የራስ ቅል ወለል አለ፤ እዚያ ቦታ ላይ አጥንቱ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ደምሴ ሲወድቅ ያ ስስ አጥንት ተሰንጥቋል። የሚወርደው ንፍጥ አይደለም፤ አንጎልን ከቦ የሚይዘው ውሃ ነው። ንፍጥ ሲደርቅ ጨርቅ ይገትራል፤ ያ ውሃ አይገትርም። ውሃው በሚወጣበት ቀዳዳ ደግሞ ጀርም ይገባል፤ ማጅራት ገትሩ የሚመላለሰው ለዚያ ነው።

“አፍንጫው ውስጥ የምታደርጉለት ነገር ነበር?” አለ።

“ዳማከሴ” አልኩ።

ዓይኑን ለአፍታ ጨፈነ። አልተቆጣኝም። ምነው በተቆጣኝ። “ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳይገባ። አይናፈጥ። ማስነጠስ ከመጣበት አፉን ከፍቶ ያስነጥስ። ሦስተኛ ጊዜ ከያዘው ላናተርፈው እንችላለን” አለ።

መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው። ግንባሩን ከፍተው፣ አንጎሉን ቀስ አድርገው ከፍ ያደርጉና፣ ከጭኑ ላይ እንደ እራፊ በቆረጡት ስስ ሽፋን ቀዳዳውን ይጥፉታል። እማዬ “ግንባሩን ከፍተው” ላይ ጆሮዋን ይዛለች። አባባ ግን ወንበሩን ስቦ ቀረበ። እድሜ ልኩን የጨርቅ ሰው ነው፤ “እራፊ” እና “መጣፍ” ሲሰማ የገባው ነገር አለ።

“ዶክተር፣ ልጠይቅዎት። እራፊውን የሚያደርጉት ከላይ ነው ከታች?”

“ከላይ ነው አባቴ። ከውስጥ በኩል።”

“ውሃው አይገፋውም?”

“ከላይ ስለሆነ ውሃውም አንጎሉም ተጭነው ይይዙታል። ከታች ብንጥፈው ነበር የሚገፋው።”

አባባ አገጩን እየዳሰሰ ብዙ አሰበ። “እንዲያ ከሆነ ይይዛል” አለ። ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አባባን ሲያገኘው እንደ ሙያ ባልደረባ ነበር የሚያናግረው።

ተራ የደረሰን የካቲት ላይ ነው። እስከዚያ ያለውን ጊዜ እንዴት ኖርነው ብትሉኝ፣ ማስነጠስን ስንፈራ። ሰው ማስነጠስን ይፈራል? እኛ ፈራን። እማዬ በርበሬ ማመስ ተወች፤ ሽንኩርት እንኳ ጎረቤት ሄዳ ነበር የምታቁላላው። ስድስት ሳምንት ሙሉ አልጫ በላን። አባባ ድሩን ሲዘረጋ ብናኙ እንዳይነሳ ውሃ ይረጫል። ደምሴ ሲያስነጥስ አፉን በሰፊው ይከፍትና፣ እኛ ሦስታችን ቀጥ ብለን እናየዋለን። ከዚያ እሱ አንድ በአንድ ያየንና “አለሁ” ይላል። እየሳቅን እናለቅስ ነበር።

የቀዶ ጥገናው ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጽድ ሥር ተቀመጥን። የቋጠርነውን ዳቦ ቆሎ የነካው የለም። ጠዋት በሁለት ሰዓት የገባ ልጅ ስምንት ሰዓትም አልወጣም። እማዬ ያኔ ተነሳች፣ ፊቷን ወደ እንጦጦ አዞረች፣ ነጠላዋን አጣፋች። “እመቤቴ ማርያም፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ለኅዳር ጽዮን ባለወርቅ ዘቦ ጃንጥላ ይዤ፣ እልል እያልኩ፣ ያደረግሽልኝን በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ” አለች። ሰማሁ። አባባም ሰማ። አሜን አልን። በዚያ ሰዓት ምን ብትጠይቀን አሜን አንል ነበር?

ወጣ። ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑ አብጦ፣ ግን በሕይወት። በዐሥረኛው ቀን ዶክተሩ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠውና “እስቲ ጎንበስ በል” አለው። ደምሴ ጎንበስ አለ፤ እኛም አብረን ጎንበስ አልን። የአራታችንም ዓይን ሲሚንቶው ላይ ነው። አንድ ጠብታ አልወረደም። ብዙ ቆየን። አባባ ተንበረከከና ከደምሴ እግር ሥር ወለሉን በመዳፉ ዳበሰው፤ እጁን ገልብጦ አየው። ደረቅ ነው። እንደዚያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

የቀረበት ማሽተት ብቻ ነው። ዶክተሩ አስቀድሞ ነግሮናል፤ የማሽተቱ ጅማት እዚያው ቀዳዳው አጠገብ ስለሆነ አይተርፍም ብሎናል። እማዬ በደስታ የመጀመሪያውን በርበሬ ስታምስ ሰፈሩ ሁሉ ሲያስነጥስ ደምሴ መሃል ተቀምጦ “ምን ሆናችሁ?” ይል ነበር። ሆስፒታሉ አንድ ወረቀት ሰጠው፤ ለስድስት ወር ከባድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል። እማዬ ወረቀቱን ሙዳይዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ስድስቱ ወር ነሐሴ ላይ አለቀ። ማንም አልጠየቀንም። በሰፈሩ አፍ ደምሴ አሁንም ያ አፍንጫው የሚያፈስ፣ ለውትድርና የማይሆን ልጅ ነው። ቀዶ ጥገና መደረጉን ሁሉም ያውቃል፤ መዳን አለመዳኑን ግን እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም፤ ፋሻው ከወረደ በኋላም ባርኔጣ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ መሐረብ በእጁ ይዞ ነው የሚወጣው። ያንን ዘዴ ያመጣው አባባ ነው። “ይቺን መሐረብ አትጣላት” አለው። ደምሴ ደረቅ አፍንጫውን እየጠረገ በሽሮ ሜዳ ሲያልፍ፣ ከኋላው እየሄድኩ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር።

ኅዳር ሲጠባ እማዬ ጃንጥላውን ገዛች።

“ለከርሞ ይሁን” አላት አባባ። “አሁን ለውትድርና ሰው እየሰበሰቡ ነው። ወይም ዝም ብለሽ አግቢው።”

“ስለት ተደብቆ ይገባል? በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ ብዬ አፌን ከፍቼ ነው የተሳልኩት። አንተም አሜን ብለሃል።”

“ብያለሁ።”

“እመቤቴን ዋሽቼ፣ ያ ውሃ ቢመለስስ? ማጅራት ገትሩ ቢመለስስ? ያኔ ማንን ልለምን ነው?”

ደምሴን “አንተ ምን ትላለህ?” አልኩት። “እኔ ምን አውቃለሁ? የተሳለችው እሷ፣ የተጣፈው ጭንቅላቴ” አለና ሳቀ።

የኅዳር ጽዮን ዕለት እንጦጦ፣ ወደ ላይኛዋ ማርያም ወጣን። ዳገቱ ላይ ሰዉ ነጭ ለብሶ እንደ ጅረት ይተማል፤ ባሕር ዛፉ ጤዛ ይዞ ይሸታል። ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣውን አውልቋል። ከቅጽሩ በር ላይ ጋሽ በየነን አገኘነው። እማዬ በእጇ የያዘችውን አየ። እኔን በክንዴ ይዞ ወደ ጎን አወጣኝና፣ ዓይኑን ወደ ሕዝቡ አድርጎ፣ “አስካለ፣ እናትሽን ቀስ በይ በያት። ዛሬ እዚህ ያለው ሁሉ ሊሳለም የመጣ አይደለም” አለኝ።

ገባኝ። አልገባኝም ልል አልችልም፤ ወዲያው ነው የገባኝ። ሮጬ የእማዬን ነጠላ ያዝኩ። “እማዬ፣ ቀስ...” ብዬ ፊቷን ሳይ ነጠላዋን ለቀቅኩ። ያንን ፊት ብታዩት እናንተም ዝም ትሉ ነበር። ጃንጥላውን ዘረጋችው፤ ወርቅ ዘቦው ፀሐይ ላይ በራ። “እልልልል! እልል በሉልኝ! ልጄ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ዳነልኝ! አፍንጫው ደረቀ! አንድ ጠብታ የለም! ኑ እዩት!” ደምሴን በእጁ ጎትታ መሃል አቆመችው። ሰዉ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። አዎ፣ እኔም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ዝርዝሩ ቀበሌ በር ላይ ተለጠፈ፤ የደምሴ ስም አለበት። አባባ ጋሽ በየነ ዘንድ ሄደ። ጋሽ በየነ ከበሩ ወጥቶ፣ “ኮታ ነው የሚላክልን፤ ስሙን አላነሳሁም፣ ሌሎች አነሱት፤ ‘ያ የተመሰከረለት ልጅ’ አሉ። እኔ ምን ላድርግ?” አለ። ወንድ ልጅ ሲያፍር አይታችኋል? እንዲያ ነበር።

እኔ ሆስፒታል ሮጥኩ። ያ ዶክተር አንዲት ወረቀት ቢጽፍልን፣ ጭንቅላቱ የተጣፈ ሰው ጠመንጃ አይሸከምም ብሎ ቢፈርምልን ብዬ። ዶክተሩ የለም፤ ቁስለኛ ሊያክም ወደ ሰሜን ተልኳል አሉኝ። ካርድ ክፍል የነበረችው ሴትዮ አዘነችልኝና ካርዱን ፈልጋ አወጣች። ሌላ ሐኪም ዘንድ አስገባችኝ። ሐኪሙ ካርዱን አገላብጦ አየውና ወደ እኔ አዞረው። “እህቴ፣ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ይኸው እኮ፤ ‘ድኗል’ ይላል።” ያንን ቃል ስድስት ሳምንት በአልጫ፣ ስንት ወር በጸሎት የለመንኩት እኔ ነኝ። ካርዱ ላይ በዚያ ሰው የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል። መመለሻዬን በእግሬ አደረግሁት፤ አዲሱ ገበያ ድረስ የት እንዳለሁ አላውቅም ነበር።

የጫኗቸው በቀትር ነው። የጭነት መኪና ላይ ቆመዋል፤ አንዳንዱ ደብተሩን እንደያዘ የተያዘ ተማሪ ነው። እማዬ የምትይዘው አጥታ የመኪናውን ጎማ ይዛለች። ደምሴ ከላይ ጎንበስ ብሎ፣ “እማዬ፣ እዪ፣ ስጎነብስም ምንም አይወርድም። ሥራቸው ጥሩ ነው” አላት። ከዚያ ወደ እኔ፦ “አስኩ፣ ጦር ሜዳ ይሸታል ይላሉ። እኔ ተገላገልኩ።” ሊያስቀኝ ነው። ኪሴ ውስጥ መሐረብ ነበር፤ ወረወርኩለት፤ ያዘውና ለወጉ አፍንጫውን ጠረገበት። መኪናው ሄደ።

ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ሁለተኛው አጭር ነው፤ ብርድ እንዳለ፣ ሩዝ እንደሰለቸው ይልና፣ መጨረሻው ላይ “አፍንጫዬ ደረቅ ነው። ለአባባ እራፊው ይዟል በይው” ይላል። ሦስተኛ አልመጣም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እግሩ ቆስሎ፣ በየመንገዱ ሲመለስ እማዬ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበትን ሁሉ እያስቆመች ታያለች። ስንት ጠባሳ ነበር በዚያ መንገድ ላይ! የእሱ አልነበረም። ሞቷል ያለን ሰው የለም፤ አለ ያለንም የለም። አባባ የደምሴን መወርወሪያ ሌላ ሰው እንዲነካው ሳይፈቅድ ሞተ። እማዬ ከዚያ በኋላ በልጆቼ ክርስትናም፣ በእኔ ሰርግም እልል ብላ አታውቅም። አንድ ቀን፣ ከዓመታት በኋላ፣ እንዝርቷን አስቀምጣ “ያን ቀን ነጠላዬን ስትይዢኝ ምን ልትዪኝ ነበር?” አለችኝ። “ነጠላሽ ወርዶ ነበር” አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ። ያ ዶክተር ሲጠይቀኝ “ይገተራል” ብዬው ቢሆን ኖሮ ልጁ በሦስተኛው ማጅራት ገትር እጃችን ላይ ይሞት ነበር። የተቀበረበትን አፈር እናውቀው ነበር ማለት ነው፤ ትርፉ ይኼው ነው። እውነቱን ተናገርኩ፣ ዳነ፣ ዳነ ተብሎ ተወሰደ። የቱ ጋ ብይዘው ነበር የሚቀር? መሰላሉን ይዤ ነበር፣ ነጠላውን ይዤ ነበር። የያዝኩት ሁሉ ቦታው ሌላ ሆነ።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ልጄ እየሳቀችብኝ፣ ያንን የሕፃን መሐረብ በጣቶቼ መሃል አሸሁት። ግትር ነው፤ ደረቅ ንፍጥ ነው፤ የጤና ነው። ልጁን ጃኬት አልብሳ ይዛው ስትወጣ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብላ “እትዬ አስካለ፣ ልጁ ተሻለው ወይ?” አለችኝ።

“ኧረ ምኑ ይሻለዋል፣ ይኸው እያሳለ ነው” አልኳትና በሩን ዘጋሁ። ተመስገን ያልኩት ከተዘጋ በኋላ ነው፤ በሆዴ።